ናስ ልትገዙ ነው? ብራችሁን ሳጥኑ ላይ አትጨርሱ

ብዙ ትንንሽ ቢሮዎች ውስጥ ነገሩ እንዲህ ነው። የድርጅቱ ፋይል ሁሉ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተከማችቷል። እዚያ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራዋ ልጅ የቀረች ቀን ሥራ ይቆማል። ፋይል በፍላሽ ይዞራል፣ ፍላሹም ቫይረሱን ይዞ ይዞራል፣ ፍላሽ ሲጠፋ ደግሞ ቴሌግራም አለ። ከዚያ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚባሉ ሦስት ፋይሎች ይፈጠሩና የተፈረመበት የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም። ቤትም ያው ነው። የልጆቹ ፎቶ እናትየው ስልክ ላይ ነው። የሰርጉ ቪዲዮ ከመሳቢያ የማይወጣ አሮጌ ኤክስተርናል ላይ ነው። የአያት ፎቶ ደግሞ «ስካን ተደርጎ ነበር እኮ» ይባላል እንጂ የት እንዳለ አይታወቅም።

ሰው ናስ የሚባለውን ዕቃ የሚጠይቀው ይህን ለመፍታት ነው።

ናስ ሃርድ ዲስክ የሚገባበት ትንሽ ሳጥን ነው። የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ራም፣ የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለው። ስክሪንና ኪቦርድ ግን የለውም፤ ከሌላ ኮምፒውተር ሆናችሁ በብራውዘር ነው የምታዙት። በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ወይም ከስዊቹ (ብዙ የኔትወርክ ገመድ የሚሰካበት ዕቃ) ጋር ይገናኛል። ከዚያ በኋላ እዚያ ኔትወርክ ላይ ያለ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ፣ ፈቃድ እስከተሰጠው ድረስ፣ ፋይሉን አንድ ቦታ ያስቀምጣል፣ ከዚያው ያነሳል። ለእኛ አገር ትልቁ ጥቅሙ ኢንተርኔት ቢቋረጥም መሥራቱ ነው። ፋይሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው ያለው።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ሰው ናስ ሲመርጥ ስለ ብራንዱ፣ ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ስለ ዲስኩ ብዛት ይጨነቃል። ሳጥኑን ሲገዛ ብሩም አብሮ ያልቃል። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ የለም፣ ሁለተኛ ኮፒ የለም። እንዲህ የተገዛ ናስ አደጋውን አይቀንሰውም። እንዲያውም ድሮ አምስት ኮምፒውተር ላይ ተበትኖ የነበረውን ፋይል አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ አንድ ቀን በአንድ ጊዜ እንዲጠፋ ያመቻቸዋል። ስለዚህ የሳጥኑን ደረጃ ዝቅ አድርጉና የተረፈውን ብር ፋይሉን ለሚያድነው ነገር አውሉት።

መጀመሪያ ግን፣ ያስፈልጋችኋል ወይ?

የሁሉም ሰው መልስ «አዎ» አይደለም። የምትሠሩት ብቻችሁን ከሆነ፣ ፋይላችሁም ከ1 ቴራባይት የማያልፍ ከሆነ ናስ አትግዙ። ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙ። አንዱን ቤት፣ ሌላውን ዘመድ ቤት አስቀምጡና በየጊዜው አለዋውጧቸው። ይበቃል።

ክላውድም አለ፤ ፋይሉን በኢንተርኔት ሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ማለት ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላላችሁ፣ ጉዳዩ የቤተሰብ ፎቶ ብቻ ከሆነ፣ ክላውዱ ከናስ ሊቀል ይችላል። አሜሪካ ውስጥ 2 ቴራባይት የጉግል ቦታ በወር 10 ዶላር ገደማ ነው። አገር ቤት ግን ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንዱ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ነው። ሌላው የመጫኛ ፍጥነቱ ነው። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚጭን መስመር 2 ቴራባይት ለመጫን፣ መስመሩ ለአፍታ ሳይቋረጥ፣ 18 ቀን ተኩል ይፈጃል። ይህ እንግዲህ ሌላ ሰው ኢንተርኔቱን ሳይነካው ነው።

ናስ በእውነት የሚያስፈልገው ከአንድ ሰው በላይ በተመሳሳይ ፋይል ለሚሠራበት ቦታ ነው። የሒሳብ አማካሪ ቢሮ፣ የአርክቴክት ቢሮ፣ ጠበቃ፣ ክሊኒክ፣ ፎቶና ቪዲዮ ስቱዲዮ። ወይም አራት አምስት ስልክ ያለበት፣ ሁሉም ስልክ በየወሩ «ቦታ የለም» የሚልበት ቤት።

ስንት ቴራባይት?

ለወረቀት ሥራ ብዙ አትጨነቁ። ወርድ፣ ኤክሴል፣ ስካን የተደረገ ደብዳቤ፣ የአሥር ዓመቱ ተደምሮ እንኳ ብዙውን ጊዜ 1 ቴራባይት አይሞላም። ቦታ የሚበላው ቪዲዮ ነው። አንድ ስልክ በ4ኬ ሲቀርጽ እንደ አቀራረጹ በደቂቃ ከ170 እስከ 400 ሜጋባይት ይወስዳል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ ደግሞ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይፈጃል። ሰርግ የሚቀርጽ ስቱዲዮ ሁለት ካሜራ ይዞ እያንዳንዱ አራት ሰዓት ቢቀርጽ፣ የአንድ ቀን ሰርግ 360 ጊጋባይት ሆነ ማለት ነው። መልስና ቅልቅሉ ገና አልተቆጠረም። ጥር ላይ ቅዳሜና እሁድ የሚሠራ ስቱዲዮ በአንድ ወር ውስጥ 3 ቴራባይት ሊጠጋ ይችላል። ይህን ደግሞ በቴሌግራም መላላክ አይታሰብም፤ ያለ ፕሪሚየም አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም።

ስለዚህ ዛሬ ያላችሁን ፋይል ደምሩ። በዓመት ስንት እንደሚጨምር ገምቱ። የሦስት ዓመቱን ያዙ። ሱቅ ስትሄዱም ይህን አስታውሱ፦ 4 ቴራባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ ኮምፒውተር ላይ 3.6 ብሎ ይታያል። አልተጭበረበራችሁም። አምራቹ በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024 ይቆጥራል፣ ልዩነቱ ከዚያ የመጣ ነው።

ለቤትና ለወረቀት ቢሮ ባለ ሁለት ዲስክ ሳጥን በቂ ነው፤ ሁለት ባለ 4 ቴራባይት አስገብታችሁ ትጠቀማላችሁ። ባለ አራት ዲስክ ልግዛ የሚል ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ይሁን። ሌላው ወገን «ኋላ ያስፈልገኝ ይሆናል» እያለ ለባዶ ቦታ እየከፈለ ነው። ኋላ ሲሞላ ዲስኮቹን ተራ በተራ በትልልቅ መተካት ይቻላል።

ሁለት ዲስክ ማለት ባክአፕ ማለት አይደለም

እዚህ ጋ ቆም እንበል፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

ናስ ውስጥ ሁለት ዲስክ ስታስገቡ ብዙውን ጊዜ ሬይድ 1 በሚባለው ታደርጋላችሁ። አንዱ ላይ የተጻፈው ወዲያውኑ ሌላው ላይም ይጻፋል። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት አስገብታችሁ የምትጠቀሙት 4 ብቻ ነው። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሥራ አይቆምም፤ የሞተውን አውጥታችሁ አዲስ ትሰኩና ሳጥኑ ራሱ ይገለብጥለታል። ሬይድ 5 ደግሞ ከሦስት ዲስክ ጀምሮ ነው። አራት ባለ 4 ቴራባይት ካስገባችሁ 12 ትጠቀማላችሁ፣ የአንዱ ቦታ ለመጠባበቂያ ይሄዳል። ሲኖሎጂ የሚባለው ብራንድ ሳጥኖች ላይ ኤስኤችአር የሚባል አለ፤ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው፣ ልዩነቱ መጠናቸው የተለያየ ዲስኮችን በደንብ ማቀላቀሉ ነው። ሬይድ 0 የሚባለውን አትንኩት። ሁለቱን ዲስክ አንድ ያደርግና አንዱ ሲሞት ሁሉም ይሞታል።

ሬይድ ስኮርታ ነው። ጎማ ሲፈነዳ መንገድ ላይ አያስቀራችሁም፤ መኪናው ሲሰረቅ ግን ስኮርታውም አብሮ ይሄዳል። ሠራተኛ ተሳስቶ ፎልደር ቢያጠፋ ከሁለቱም ዲስክ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢገባ ሁለቱንም ይቆልፋል። ሌባ ሳጥኑን ቢወስድ፣ ቧንቧ ፈንድቶ ውኃ ቢገባበት፣ ኤሌክትሪኩ ቢያቃጥለው፣ ሁለቱም ናቸው የሚሄዱት።

ስለዚህ ሌላ ኮፒ የግድ ነው፣ እሱም ከሕንፃው ውጭ። ባለሙያዎቹ 3-2-1 ይሉታል፦ ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቦታው ውጭ። እኔ ለትንሽ ቢሮ የምመክረው ቀላሉን ነው። ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ግዙ። አንዱ ናሱ ኋላ ባለው ዩኤስቢ ላይ ተሰክቶ በየሌሊቱ ኮፒ ይቀበላል፤ ሳጥኑ ራሱ በሰዓቱ ያደርገዋል፣ ሰው ማስታወስ የለበትም። አርብ ማታ ባለቤቱ ያንን ነቅሎ ቤቱ ይወስዳል፣ ቤት የከረመውን ይዞ ይመጣል። ኮፒው በፓስወርድ የተቆለፈ ይሁን፣ ምክንያቱም ዲስኩ ታክሲ ውስጥ ሊረሳ ይችላል። የደንበኛ ወይም የታካሚ መረጃ የምትይዙ ከሆነ ይህ የጥንቃቄ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ በአግባቡ መጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ ነው።

ውጭ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ደግሞ ጥሩ ዕድል አላችሁ። አንድ ናስ አዲስ አበባ፣ አንድ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆነው ሌሊት ሌሊት የተለወጠውን ብቻ መላላክ ይችላሉ። ለቪዲዮ አይሆንም። ለሰነድና ለተመረጡ የቤተሰብ ፎቶዎች ግን፣ የመጀመሪያውን ትልቅ ጭነት አንድ ቦታ ላይ ሠርታችሁ ዲስኩን በሰው ከላካችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የየቀኑ ለውጥ ትንሽ ነው።

ስናፕሾት የሚባል ነገርም አለ፣ እባካችሁ ስትገዙ ጠይቁ። ናሱ ፋይሎቹ በአንድ ሰዓት ላይ የነበሩበትን ሁኔታ ይመዘግባል። ማክሰኞ ከሰዓት ፎልደሩ ቢጠፋ የማክሰኞ ጠዋቱን ትመልሳላችሁ። የተለወጠውን ብቻ ስለሚይዝ ቦታም ብዙ አይበላም። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ቢትርኤፍኤስ ወይም ዜድኤፍኤስ የሚባሉ የፋይል ሲስተሞችን በሚደግፉ ሳጥኖች ላይ ነው። በጣም ርካሾቹ ሞዴሎች ላይ አይገኝም። ለምሳሌ የሲኖሎጂ ዲኤስ223ጄ የለውም፣ ዲኤስ223 ግን አለው። ከርካሹ ወደ ቀጣዩ ለመውጣት ብር ጨምሩ ብዬ የምለው ለዚህ ብቻ ነው። ለፕሮሰሰሩ አይደለም።

መብራት

አገር ቤት ላለ ሰው ከሳጥኑ ቀጥሎ የሚገዛው ዩፒኤስ ነው። ከሳጥኑ በፊት ቢባልም አልቃወምም።

ናስ ቀንና ሌሊት ይሠራል። እየጻፈ ሳለ መብራት ድንገት ቢሄድ ዲስኩ ላይ ያለው የፋይል መዝገብ ሊበላሽ ይችላል። ሬይድ 5 ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም አንድ ፋይል በብዙ ዲስክ ላይ ተከፋፍሎ ስለሚጻፍ አንዱ ተጽፎ ሌላው ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። መብራት ሲመጣ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅም የራሱ ጣጣ አለው፤ ናሱንና ራውተሩን ከስታቢላይዘር ያለፈ መስመር ላይ አድርጉ እንጂ ተራ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ።

ጥሩው ዜና ባለ ሁለት ዲስክ ናስ ብዙ ኃይል አለመፈለጉ ነው። ሲሠራ ከ15 እስከ 20 ዋት አካባቢ ነው። በ20 ዋት ብናስበው ወሩን ሙሉ ሳይጠፋ 14 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ቢበላ ነው። ስለዚህ ትንሽ የ650 ቪኤ ዩፒኤስ እንኳ፣ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊያቆየው ይችላል። ግን ዓላማው ሥራ ማስቀጠል አይደለም። ዓላማው ናሱ በሥርዓት ራሱን እንዲያጠፋ ጊዜ መስጠት ነው። ለዚህ ደግሞ ዩፒኤሱ የዩኤስቢ ገመድ ሊኖረው ይገባል። ያ ገመድ ናሱ ላይ ይሰካና «መብራት ሄዷል» ብሎ ይነግረዋል፤ ናሱ ከአምስት ወይም ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሁሉንም ዘግቶ ይተኛል። መርካቶ የሚሸጡት ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ይህ ገመድ የላቸውም። ሻጩን ጠይቁ፣ የናሱ አምራች ካወጣው የሚስማሙ ዩፒኤሶች ዝርዝር ጋርም አመሳክሩ።

ቢሮ ውስጥ ዓመታት የቆየ ዩፒኤስ ካላችሁ ባትሪውን ፈትሹ። መብራቱ እየበራ፣ ድምፁ እየጮኸ፣ ባትሪው ግን ከሞተ የቆየ ዩፒኤስ በየቢሮው ሞልቷል። ናሱን ሳትሰኩ በአንድ አምፖል ሞክሩት፤ ከግድግዳ ስትነቅሉት ወዲያው ከጠፋ ባትሪ ቀይሩለት።

ዲስኩን ተጠንቅቃችሁ ግዙ

ናስ ብዙውን ጊዜ ባዶ ሳጥን ሆኖ ነው የሚሸጠው። ዲስኩ ለብቻ ነው። ሁለቱን ስትደምሩ ዲስኮቹ ከሳጥኑ ሊበልጡ ይችላሉ፣ ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ አብራችሁ ጠይቁ።

ሃርድ ዲስክ መረጃ የሚጽፍበት ሁለት መንገድ አለ። ሲኤምአር የሚባለው መስመሮቹን ጎን ለጎን ለየብቻ ይጽፋል። ኤስኤምአር የሚባለው ቦታ ለመቆጠብ አንዱን መስመር በሌላው ላይ በከፊል ደርቦ ይጽፋል፤ በዚህ ምክንያት አንዱን ለማረም አጠገቡ ያሉትንም እንደገና መጻፍ አለበት። ለተራ ኮምፒውተር ብዙም አይታወቅም። ናስ ውስጥ ግን፣ በተለይ የሞተ ዲስክ ተተክቶ መልሶ ሲገለበጥ፣ በሰዓታት የሚያልቀው ቀናት ሊፈጅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለናስ ብሎ ይሸጣቸው ከነበሩት የሬድ ዲስኮች ውስጥ ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉ ሞዴሎች ኤስኤምአር መሆናቸውን ለገዢው ሳይናገር መቆየቱ ታውቆ ትልቅ ቁጣ አስነሥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሲኤምአሮቹን ሬድ ፕላስ ብሎ የለያቸው። እንግዲህ የሚገዛው ሬድ ፕላስ፣ የሲጌት አይረንዎልፍ ወይም የቶሺባ ኤን300 ነው። በየሱቁ የሚገኘው ባለ 4 ቴራባይት የሲጌት ባራኩዳ ኤስኤምአር ነው፤ ርካሽ ነው ብላችሁ ናስ ውስጥ አታስገቡት። ለኤክስተርናል ኮፒ ግን ችግር የለውም።

የካሜራ ሥራ ስለበዛ የዌስተርን ዲጂታል ፐርፕልና የሲጌት ስካይሆክ በብዛት ይገኛሉ። እነዚህ ለደኅንነት ካሜራ ሳያቋርጡ እንዲቀርጹ የተሠሩ ናቸው። ሌላ ከጠፋ ይሠራሉ። ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ ግን የናሱን ውሰዱ።

ያገለገለ ዲስክ እንደ አዲስ መሸጥ እኛ ጋ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ብዙ ሰዓት የሠሩ የሲጌት ዲስኮች የሥራ ሰዓታቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተገኝተዋል። ስማርት የሚባለው የዲስኩ መዝገብ ላይ ያለው ሰዓት ሊጠፋ ይችላል፤ የሲጌት ዲስኮች ፋርም የሚባል ሌላ መዝገብ ስላላቸው ነው የተያዘው። ስለዚህ ዲስክ ስትገዙ ሻጩ ፊት ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ በነፃው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሥራ ሰዓቱን እዩ። አዲስ ዲስክ ዜሮ ወይም ጥቂት ሰዓት ነው የሚለው። ይህ ሰዓት ሊጠፋ ስለሚችል ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የመለያ ቁጥሩንም አምራቹ ድረገጽ ላይ አስገብታችሁ ዋስትናው መቼ እንደሚያልቅ ተመልከቱ። ሁለቱን ዲስክ ከተለያየ ሱቅ መግዛትም ጥሩ ነው። ከአንድ ካርቶን የወጡ መንትዮች አንድ ላይ የመታመም ዕድል አላቸው።

አንዳንዶች ከፍታው ያሳስባቸዋል፣ ጥያቄውም ትክክል ነው። የዲስኩ አንባቢ ጭንቅላት በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሠራው፤ አምራቾቹም ብዙውን ጊዜ እስከ 3,050 ሜትር ገደማ ብለው ይወስናሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ብትሆንም ከወሰኑ ውስጥ ናት። ደብረ ብርሃንም እንዲሁ። ግን ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል። ናሱን ቁም ሣጥን ውስጥ አትዝጉበት፣ አቧራውንም በየጊዜው አስነፉለት። የዲስኩ ሙቀት ከ45 ዲግሪ በታች ቢሆን ደስ ይለኛል።

ኔትወርኩ ካልረዳው

ብዙ ሰው «ናሱ ቀርፋፋ ነው» የሚለው የገመዱን ጥፋት ነው። ዛሬ ያለ ናስ ሁሉ ቢያንስ ጊጋቢት ነው፣ በተግባር በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል። ከኢንተርኔቱ ጋር የመጣው ራውተር ግን መውጫዎቹ 100 ሜጋቢት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያ ማለት 11 ሜጋባይት ገደማ ነው። ያ የ360 ጊጋባይት ሰርግ በጊጋቢት ከአንድ ሰዓት በታች ይገባል። በ100 ሜጋቢት ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ትንሽ ባለ አምስት ወይም ባለ ስምንት መውጫ ጊጋቢት ስዊች ግዙ፣ ናሱንና ኮምፒውተሮቹን እዚያ ላይ ሰኩ፣ ራውተሩ ኢንተርኔቱን ብቻ ያምጣ። ገመዱ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ይሁን፤ ስምንቱም ክር መታሰሩን አረጋግጡ። አንዳንድ ገጣሚ አንዱን ገመድ ለሁለት ኮምፒውተር ይከፍለዋል፤ በአራት ክር ጊጋቢት አይገኝም። የ2.5 ጊጋቢት መውጫ ያለው ናስ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ጥሩ ነው፣ ለሌላው አያስፈልግም።

የትኛው ብራንድ?

ለጀማሪና ኮምፒውተር የሚከታተል ሰው ለሌለው ቢሮ ሲኖሎጂ ነው የምለው። ታይዋን ነው የሚሠራው፤ ዕቃው ለዋጋው ደካማ ሊመስል ይችላል፣ ሶፍትዌሩ ግን ለመያዝ ቀላል ነው፣ አፕዴትም ለዓመታት ይመጣለታል። አንድ ነገር እወቁ። እ.ኤ.አ. በ2025 ሲኖሎጂ አዲሶቹ የፕላስ ሞዴሎች የራሱን ስም የያዙ ዲስኮች ብቻ እንዲቀበሉ አድርጎ ነበር። ደንበኛ ተቆጣ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከወጣው ዲኤስኤም 7.3 (የሲኖሎጂ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ጀምሮ ለሃርድ ዲስኮች ያንን አንሥቷል። የ2025 ሞዴል ከገዛችሁ 7.3 ወይም ከዚያ በኋላ ያለውን ጫኑ። ኪውናፕም የታይዋን ነው፤ በተመሳሳይ ዋጋ ጠንከር ያለ ዕቃ ይሰጣል፣ ሴቲንጉ ግን ብዙ ነው፣ የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። ዩግሪን ናሱን ለዓለም ገበያ በሰፊው ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ ዕቃው ጥሩ፣ ሶፍትዌሩ ወጣት ነው።

አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ትሩናስ ወይም ኦፕን ሚዲያ ቮልት የሚባሉትን የናስ ሶፍትዌሮች በነፃ መጫንም ይቻላል። ለሚያውቅ ሰው በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው። ለቢሮ ግን የጫነው ልጅ ሥራ ሲለቅ ማን ያስተዳድረዋል የሚለውን አስቡበት።

ሰው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ይዞላችሁ እንዲመጣ ካሰባችሁ የቮልቴጁ ነገር አያስፈራም፤ የትንንሾቹ ናስ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ ላዩ ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። የሶኬቱ ቅርጽ ግን አይገጥምም። ዋስትናውም የሚሠራው በተገዛበት አገር ብቻ ሊሆን ይችላል። ዲስኮቹ ሳጥኑ ውስጥ ተገጥመው አይጓዙ፤ ለየብቻ በደንብ ተጠቅልለው በእጅ ሻንጣ ይምጡ።

ከገዛችሁ በኋላ የሚያጋጥሙ ነገሮች

ፒችትሪ የምትጠቀሙ ቢሮዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። የፒችትሪውን ዳታ ናስ ላይ አታድርጉት። ፕሮግራሙ ዳታው ያለበት ማሽን ላይ የራሱ ዳታቤዝ ሞተር መጫን አለበት፤ ናስ ላይ ደግሞ ያ አይጫንም። ዳታው እንደ ሰርቨር በምትጠቀሙበት ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ይቆይ፣ በየማታው የሚወጣው ባክአፕ ፋይል ግን ናሱ ላይ ይቀመጥ።

በአማርኛ ፋይል ለምትሰይሙም አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ የፋይል ስም ብዙውን ጊዜ እስከ 255 ባይት ነው የሚፈቀድለት፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ግን ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የእኛ ጣሪያ 85 ፊደል ነው። ሲኖሎጂ ላይ የተመሰጠረ ፎልደር ከከፈታችሁ ደግሞ ወደ 47 ፊደል ይወርዳል። «ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የተጻፈ የግንባታ ፈቃድ ማራዘሚያ ጥያቄ ደብዳቤ ትክክለኛው የመጨረሻ» ብላችሁ የሰየማችሁት ፋይል እዚያ ፎልደር ውስጥ አልገለበጥም ካለ ምክንያቱ ይህ ነው። ስሙን አሳጥሩት።

ከዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 ስሪት ጀምሮ ደግሞ ያለ ፓስወርድ ክፍት የተተወ የናስ ፎልደር አይከፈትም ሊል ይችላል። ዊንዶውሱን ለማላላት አትሞክሩ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ስምና ፓስወርድ ስጡት፤ ማን ምን እንደሚያይም በዚያው ይለያል።

ከውጭ ሆኖ መግባትን በሚመለከት ጥብቅ ልሁን። ራውተሩ ላይ በር (ፖርት) ከፍታችሁ ናሱን በቀጥታ ለኢንተርኔት አታጋልጡት። እ.ኤ.አ. ጁን 2021 ማይ ቡክ ላይቭ የሚባለው የዌስተርን ዲጂታል ናስ ተጠቃሚዎች ሲነሡ ዲስካቸው ከሩቅ ተጠርጎ አገኙት፤ ዕቃው ከ2015 ጀምሮ አፕዴት አቁሞ ነበር። ጃንዋሪ 2022 ደግሞ ዴድቦልት የሚባለው ቫይረስ ለኢንተርኔት የተጋለጡ ኪውናፖችን ቆልፎ ከእያንዳንዱ ሰው 0.03 ቢትኮይን ጠየቀ። ከውጭ መግባት ካስፈለጋችሁ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፍ የተቆለፈ የግል መስመር) ተጠቀሙ፤ ቴይልስኬል የሚባለው ለጥቂት ሰው የሚሆን ነፃ አማራጭ አለው፣ ራውተር መነካካትም አይጠይቅም። አድሚን የሚለውን የተለመደ ስም ዝጉና በሌላ ስም ግቡ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ኮድ አብሩ፣ አፕዴት በራሱ እንዲመጣ አድርጉ።

ሁሉም ነገር ከተገጠመ በኋላ አንድ የማይረባ ፎልደር ሆን ብላችሁ አጥፉና ከኤክስተርናሉ ኮፒ መልሱት። ካልተመለሰ ገጣሚው እዚያው እያለ ይስተካከል። የአድሚን ፓስወርዱንና የባክአፑን ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ በፖስታ አሽጉና ከድርጅቱ ንግድ ፈቃድና ውሎች ጋር አስቀምጡ። ገጣሚው የሚያውቀውን ፓስወርድ ደግሞ እሱ ከወጣ በኋላ በዚያው ቀን ቀይሩት።